ለዐሥር የበቃው ቁጥር

ችግኝ አፍልቶ የሚያድር አንድ ሰው ነበረ። እኩል ማካፈል ለሽምግልና ይበቃ እንደሆነ ስለጠየቅኸኝ፣ የእሱን ልንገርህ።

በሚኖርበት ተራራ ሥር አንድ ምንጭ አለ። ዙሪያውን ያሉት ዐሥር መንደሮች በውኃው ተጣልተው ደም ተፋሰው ነበር። ዛፉ ተመንጥሮ ምንጩ ሊነጥፍ ሲቃረብ ግን ታረቁና ተራራውን ወይራ ሊያለብሱት ተስማሙ። «አንዱ ከሌላው አንዲት ችግኝ አብልጦ ከተከለ፣ ነገ ውኃው የእኔ ነው ይላል። ድርሻችን እኩል ይሁን፤ ትርፍም አይኑር» ተባባሉ። ችግኙን የማፍላቱንም ሥራ ለሰውዬው ሰጡት።

ሰውዬው ተጨነቀ። ቂሙ ያልወጣለት መንደር ሊቀር ይችላል። ዘጠኝ ቢመጡስ? ሰባት ቢመጡስ? ስንቱም ቢመጣ ሳይተርፍ የሚካፈል ቁጥር መፈለግ ያዘ። ባቄላ ዘርግቶ ሲከምር ሲበትን ሰነበተ። እያደር ነገሩ ተገለጠለት። ለስምንት የሚካፈል ለሁለትና ለአራትም ይካፈላል፤ ስምንትና ዘጠኝ ከተስማሙበት ስድስት አይከፋም፤ ስምንት ባለበት አምስት ከገባ ዐሥርም አብሮ ይገባል። አምስትን በሰባት፣ ያንን በስምንት፣ ያንንም በዘጠኝ አባዛው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ሆነ። ከአንድ እስከ ዐሥር በፈለገው ቢያካፍለው ምንም አይተርፍም። ከእሱ የሚያንስ ቢፈልግ አጣ። «ይኼን እኔ አልሠራሁትም፤ አባቶቼ ሳይወለዱም እንዲሁ ነበር» አለና ጫማውን አውልቆ ባቄላው ፊት ተቀመጠ።

ልክ ያን ያህል ችግኝ አፈላ፤ በመትከያው ቀን ዐሥሩም መንደሮች መጡ። ሰውዬው ደስ ብሎት ሊያድል ሲል ከተራራው ማዶ ሌሎች ሰዎች ብቅ አሉ። ድሮ ከምንጩ የተባረሩ የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው። ከፊት የቀደሙት ባልቴት «እኛንም ይጠማናል፤ አብረን እንትከል» አሉ።

«ቁጥሩ ለዐሥር ነው! ይመለሱ!» ብሎ አንዱ ጎረምሳ ጮኸ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሰውዬው ዞረ። ያን ግሩም ቁጥር ማፍረስ ሞት ሞት አለው። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ ችግኙን ለዐሥራ አንድ ደለደለው። ለእያንዳንዱ ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ፤ አንዲት ተረፈች።

አንዳንዱ ዱላውን ጠበቅ አደረገ። ሰውዬው የተረፈችውን አንሥቶ ምንጩ አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረላት፤ «ይህች የማንም አይደለችም። ከየመንደሩ አንድ አንድ እፍኝ አፈር አልብሷት» አለ። ባልቴቷ ጀመሩ። ቀጥሎ ያ የጮኸው ጎረምሳ ተንበርክኮ አፈሩን በመዳፉ ጠቀጠቀ፤ እጁ ከእጃቸው ጋር ተነካካ። እሳቸውም «ተባረክ» አሉት። የቀሩትም መንደሮች እፍኛቸውን ጨመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ተራራውን ተቀላቅለው ሲተክሉ ዋሉ።

አየህ ልጄ፣ እኩል ማካፈል እንደዚያ ቁጥር ነው። ግሩም ነገር ነው፤ ጠንቅቀህ ተማረው፣ ተደነቅበትም። ነገር ግን ያልቆጠርኸው ሰው ይመጣል። ያን ጊዜ ሒሳቤ እንዳይበላሽ ብለህ ሰው አትመልስ። የተረፈውንም ለወደድኸው አታዳላ፤ የተጣሉት ሁሉ እጃቸውን እንዲያገቡበት አድርግ። ማካፈል እስከዚያ ያደርስሃል፤ ሽምግልናህ የሚጀምረው ከዚያ ነው።