ማኅተም ታንኳ አይሳፈርም

ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማኝ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

በሐይቁ መካከል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። በደሴቲቱ አንዲት ልጅ ነበረች፤ አንጓች ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተር መጠገን መማር።

ለምን በሉኝ። የደሴቲቱ ጀልባ ሞተሯ ዝም ካለ ሁለት ክረምት አለፈ። ከከተማ ጠጋኝ ተጠራ። "እመጣለሁ" አለ፤ አልመጣም። የቀረን ታንኳ ነው። ታንኳ ደግሞ የደንገል እስር ናት፤ ነፋስ ሲነሣ ሐይቅ አትወጣም። የታመመ ሰው ነፋሱ እስኪተኛ ይጠብቃል። አንዳንዱ አይጠብቅም።

"ጠጋኙ ካልመጣ እኔ ጠጋኝ እሆናለሁ" አለች አንጓች።

"የት ተምረሽ?" አሏት።

"እፈልገዋለሁ።"

ረቡዕ ማለዳ ታንኳዋን ገፋች። ዳር ዳሩን ቀዘፈች። በመጀመሪያው ወደብ ወርዳ ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቀች።

"እናንተዬ፣ እዚህ ሞተር የሚያስተምር ቤት አለ?"

"እዚህ ያለው የልብስ ስፌት ነው። ግቢና ተማሪ፣ ለኛም ሱሪ ትሰፊልናለሽ!" ብለው ሳቁባት።

"ሱሪያችሁን ራሳችሁ ስፉ!" ብላ ቀዘፈች።

በሁለተኛው ወደብ የሚያስተምሩት ዶሮ ማርባት ነው። "ዶሮ በሽተኛ አታሻግርም" ብላ ቀዘፈች። በሦስተኛው ወደብ የፀጉር ሥራ ነው። "ፀጉሬ ደህና ነው" ብላ ቀዘፈች። አራተኛው ከተማው ነው። አንዲት ጎመን ሻጭ በጣቷ አሳየቻት።

"ያ ቆርቆሮ ቤት ታየሽ? ባሕር ዛፉ ሥር? የሙያ ማሠልጠኛ ነው። ሞተርም አለ ይላሉ።"

ገባች። መዝጋቢው አቶ ፈንቴ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል።

"ጌታዬ፣ ሞተር ልማር መጣሁ። ይመዝግቡኝ።"

"ደብዳቤ አለሽ?"

"የምን ደብዳቤ?"

"የቀበሌሽ ነዋ። የዚያ ደሴት ልጅ መሆንሽን የሚል።"

"እግሬ ገና ውኃ ያንጠባጥባልኮ! ከሌላ ከየት መጣች ሊሉኝ ነው?"

"እግር ፋይል ውስጥ አይገባም" አለ አቶ ፈንቴ። "ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ያልቃል። የሚቀጥለው ለከርሞ ነው። ያለ ደብዳቤ አልመዘግብም።"

መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ አለ። አንጓችም አልተው አለች።

ወደ ደሴቷ ተመለሰች። ሊቀመንበራችንን፣ አያ ሽባባውን፣ የተቀደደ መረብ ሲቋጥር አገኘችው።

"አያ ሽባባው፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ ብሏል።"

"መጻፉንስ እጽፍልሽ ነበር። ማኅተም የለኝም" አለ። "ላስቲኩ ተበልቶ ሊታደስ ከተማ ሄደ። በዚያው ጀልባዋ ሞተችና እዚያው ቀረ። እትዬ አስረበብ ከተማው ወደብ ላይ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።"

"ታዲያ ተሻገርና እዚያው ምታልኝ።"

"የደሴት ማኅተም በሰው መሬት? እንዴት ተደርጎ! ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ዓሣ መጠቅለያ ነው። ያለ ማኅተም አልጽፍም።"

"እንግዲያው እኔው አመጣዋለሁ።"

"እስቲ ሞክሪያ" አለና ወደ መረቡ አጎነበሰ።

መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ አለ፤ ሊቀመንበር ያለ ማኅተም አልጽፍ አለ። አንጓችም አልተው አለች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ታንኳዋን ገፋች። ከብዳለች። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ በየቀኑ ከውኃ ወጥታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፀሐይ መሞቅ አለባት። አንጓች ታንኳ የምታቆምበት ጊዜ አልነበራትም። በከባዷ ቀዘፈች።

እትዬ አስረበብ የወደቡ ዕቃ ጠባቂ ናት። ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ሽንብራ ትቆረጥማለች።

"እትዬ፣ ማኅተሙን ይስጡኝ። መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ ብሏል፤ ሊቀመንበር ያለ ማኅተም አልጽፍ ብሏል።"

"በምን መጣሽ፣ የኔ ልጅ?"

"በታንኳ።"

"እንዲያማ ከሆነ አይሆንም። ማኅተም ታንኳ አይሳፈርም።"

"ማን አለ?"

"የናንተው ሽማግሌዎች ናቸው ያሉ። አንድ ጊዜ ታንኳ ላይ ረጥቦ የመንደሩ ደብዳቤ ሁሉ በቀለም ተጨማለቀ። ያን ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቆረጡ። ማኅተሙ በጀልባ እንጂ በታንኳ እንዳይሻገር ብለው እኔንም አስማሉኝ።"

"ጀልባዋ ሁለት ዓመቷ ነው ከሞተችኮ!"

"ጀልባዋ ብትሞትስ የሚል የለበትም፣ የኔ እናት። መሐላ ነው። ጀልባ አምጪና ውሰጂ።"

እውነቷን ነው። ሲቆረጥ እኔም ነበርኩ። መጀመሪያ እጁን ያነሣውም እኔ ነኝ።

መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ አለ፤ ሊቀመንበር ያለ ማኅተም አልጽፍ አለ፤ ሳጥን ያለ ጀልባ አልከፈት አለ። አንጓችም አልተው አለች።

ቀዝፋ ተመለሰች። ጀልባዋ ከደሴቱ ዳር ሆዷን አሸዋ ላይ ጥላ ተኝታለች።

"ጀልባ! ተነሺ እንጂ! መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ ብሏል፤ ሊቀመንበር ያለ ማኅተም አልጽፍ ብሏል፤ ሳጥን ያለ ጀልባ አልከፈት ብሏል፤ አንቺ እዚህ ተጋድመሻል!"

"ምን አባቴ ላድርግ?" አለች ጀልባዋ። "ክንድ የለኝ፣ እግር የለኝ። ሞተሬን ቀስቅሺው። ያለ ሞተር አልሄድም።"

መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ አለ፤ ሊቀመንበር ያለ ማኅተም አልጽፍ አለ፤ ሳጥን ያለ ጀልባ አልከፈት አለ፤ ጀልባ ያለ ሞተር አልሄድ አለች። አንጓችም አልተው አለች።

ሞተሩ ከጀልባዋ ኋላ ተንጠልጥሏል። ሸረሪት ቤት ሠርቶበታል። አንጓች ገመዱን ሳበች። ክክክ አለ። ደግማ ሳበች። ክክክ።

"አትድከሚ" አለ ሞተሩ። "መንደሩ ሁሉ ስቦኝ ነው የሄደው። ሆዴን ከፍቶ የሚያይልኝ የተማረ ሰው አምጪ። ያለ ጠጋኝ አልነሣም።"

"ጠጋኝማ ከትምህርት ቤት ነው የሚወጣው!"

"ሂጂና አውጪያ።"

"ትምህርት ቤት የሚያስገባው መዝጋቢው ነው!"

"ሂጂና ለምኚዋ።"

አንጓች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ነገሩ ገባት። ደሴት የዞረ ቀዛፊ ሆናለች፤ ቀዝፋ ቀዝፋ የተነሣችበት ደረሰች። መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ አልመዘግብ አለ፤ ሊቀመንበር ያለ ማኅተም አልጽፍ አለ፤ ሳጥን ያለ ጀልባ አልከፈት አለ፤ ጀልባ ያለ ሞተር አልሄድ አለች፤ ሞተር ያለ ጠጋኝ አልነሣ አለ፤ ጠጋኝ ያለ መዝጋቢ አልወጣ አለ።

ዳር ቆመን ከምናያት አንዱ "በቃሽ፣ ተይው" አላት። "ከርሞም ቀን ነው።"

"አልተውም!" አለች። ከዚያ ወደኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "አባቶቼ፣ ማኅተም ታንኳ አይሳፈርም ብላችኋል?"

"ብለናል" አልን።

"ሞተርስ?"

እርስ በርስ ተያየን። ስለ ሞተር ያልነው ነገር የለም።

"እንግዲያው ነገ ማለዳ መጥታችሁ አሳፍሩልኝ።"

ዓርብ ማለዳ አራት ሆነን ሞተሩን ፈታን። ታንኳዋ ላይ አጋደምነው። ታንኳዋ ሲጥጥ ብላ ሰጠም አለች። "አንጓች፣ ትሰጥሚያለሽ!" ብንላት "ከሰጠምኩ ዋኝቼ እመለሳለሁ፤ ሌላ ሞተር ፈልጉ" ብላ ገፋች።

ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ መጣ። ቀዘፈች። እስከ ባቷ መጣ። ቀዘፈች። መሐል ስትደርስ ነፋስ ብድግ አለና "ተመለሺ!" አላት።

"ተመለሺ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አንተም ወረፋህን ጠብቅ!" አለችው። ቀዘፈች። ደረሰች።

የወደቡ ተሸካሚዎች ሞተሩን አወረዱላት። ታንኳዋንም ፀሐይ ላይ አቆሙላት። ሁለቱ ሞተሩን በእንጨት ተሸክመው ተከተሏት። በቀጥታ መዝጋቢው ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ጓ! አስደረገችው። ወረቀቱ ሁሉ በረረ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ አቶ ፈንቴ።

"ደብዳቤዬ ነው። እግር ፋይል ውስጥ አይገባም ብለውኛል። እስቲ ይሄን ያስገቡት።"

"አንሺልኝ!"

"አላነሣም።"

"ዘበኛ!"

ዘበኛው መጣ። ሞተሩን አቅፎ ብድግ ሊያደርግ ሞከረ። ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ።

ጫጫታውን የሰማው አስተማሪ ከክፍሉ ወጣ። ምንይችል ይባላል። እጁ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። ካለፈው ምዝገባ ወዲህ ሞተር ሰሌዳ ላይ እየሣለ ነው የሚያስተምረው፤ ትምህርት ቤቱ ሞተር የለውም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያይ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

"ማን ነው ያመጣው?"

"እኔ ነኝ" አለች አንጓች።

"ይሠራል?"

"ቢሠራ ምን አመጣኝ?"

አስተማሪው ወደ ክፍሉ ጮኸ። "ልጆች! ሰሌዳውን ተዉት! የእውነቱ መጥቷል፣ ኑ!"

ተንጋግተው መጡ። ሞተሩን ግቢው ውስጥ አውጥተው ሆዱን ከፈቱ። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ከስሏል፤ ፈገፈጉት። የቤንዚን ማጣሪያው በዝቃጭ ተደፍኗል፤ አጠቡት። የውኃ መግቢያው ውስጥ የደንገል ክር ተጠቅጥቋል፤ አንጓች በሽቦ ጎልጉላ አወጣችው። የመጨረሻውን ብሎን ያሰረችውም እሷው ናት። በርሜል ውኃ ሞልተው እግሩን ነከሩት።

ገመዱን ሳበች። ክክክ። ሳበች። ክክክ። እግሯን በርሜሉ ላይ አስደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ሳበች። ሩሩሩሩም! አለ። ውኃው በላያቸው ላይ ፈላ። ልጆቹ ጮኹ።

መዝጋቢው በመስኮት ብቅ አለ። "ይነሣ አይነሣ አያገባኝም! ያለ ደብዳቤ አልመዘግብም!"

"አይሂዱብኝ፣ እመጣለሁ!" አለችው አንጓች።

ሞተሩን በደረቀችው ታንኳ ጭና ተሻገረች። እኛም ዳር ሆነን ተቀበልናት። ጀልባዋ ላይ አሰርነው። እስከዚህ የተቋጠረው ሁሉ ከጫፉ መፈታት ጀመረ። ጠጋኝ ሞተር ቀሰቀሰ፤ ሞተር ጀልባ ገፋ። ግማሽ መንደር ተሳፍረን ወደቡ ላይ ደረስን። እትዬ አስረበብ ሽንብራዋን አራግፋ ተነሣች። "ጀልባ ነው እንግዲህ፣ ምን እላለሁ" ብላ ቁልፉን አወጣች። ጠጋኝ ሞተር ቀሰቀሰ፤ ሞተር ጀልባ ገፋ፤ ጀልባ ሳጥን አስከፈተች፤ ሳጥን ማኅተም ሰጠ። ወደ ደሴቱ በረርን። አያ ሽባባው መረቡን ጥሎ ብዕር ያዘ። ጽፎ ጨረሰ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት ዷ! አደረገው። ተመልሰን ወደ ከተማው በረርን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አቶ ፈንቴ መዝገቡን ሊከድን እጁን ዘርግቷል። አንጓች ደብዳቤውን ከእጁ ሥር አስገባችለት።

ገለበጠው። ወደ ብርሃን አነሣው። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። አልለቀቀም።

"ሰኞ ነይና እናያለን" አለ።

"ሰኞ አልመጣም። ሲጽፉ ቆሜ አያለሁ።"

እኛም ከኋላዋ ቆምን። በሩ በሰው ተሞላ። አስተማሪው ምንይችልም ቅባት በነካው እጁ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ።

አቶ ፈንቴ ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። "ስም?" አለ።

"አንጓች።"

"የአባት ስም?"

"ደለለኝ።"

"የሥልጠና ዓይነት?"

"ሞተር።"

እኔ ፊደል አልለይም። ብዕሩ ሲሄድ ግን አየሁት። ጠጋኝ ሞተር ቀሰቀሰ፤ ሞተር ጀልባ ገፋ፤ ጀልባ ሳጥን አስከፈተች፤ ሳጥን ማኅተም ሰጠ፤ ማኅተም ደብዳቤ መታ፤ ደብዳቤ መዝጋቢውን አስጻፈ። አንጓችም ገባች።

እኔ እስከዚህ ቀዘፍኩ። ክንድ ያለው ከዚህ ይቀጥል።