የጨው ልብስ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ቆዩ። የዛሬው የአህያ በረት ነው። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት።

«የአህያ በረት።»

እንዲያ ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ነጋዴ ነበርና ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ሰባት አህዮች ትቶላት ነበር። ዘመዶቿም፦ «ሴት ልጅ አህያ ነድታ ቆላ አትወርድም። ሸጠሽ ተቀመጪ» አሏት። እርሷም፦ «አህዮቹ መንገዱን ያውቁታል፤ እኔ እከተላቸዋለሁ» አለችና ወረደች። በመጀመሪያው ዓመት ከነጋዴው ሁሉ ኋላ ሄደች። ከዚያም መሐል ገባች። በአምስተኛው ዓመት ከፊት ሆነች።

ንግዷም እንዲህ ነበር። የሰፈሯ ሸማኔዎች ጋቢ ይሠራሉ፤ እርሷ ጋቢውን ጭና ቆላ ትወርዳለች። የቆላ ሰው ጋቢ ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። የበረሃ ሌሊት አድራችሁበት ታውቃላችሁ? እንግዲያ ዝም በሉ። በጋቢው ልዋጭ ጥጥና ጨው ይዛ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ጨው ገንዘብም ነበር። አሞሌ ይባላል፤ ስንዝር ተኩል የሚረዝም፣ እንደ ጡብ የተጠረበ። በአሞሌ ፍየል ይገዛል፤ አሞሌው ሲሰበር ደግሞ ወጥ ውስጥ ይገባል። ጥጡ ለሸማኔው፣ ጨዉ ለገበያው። ገበያውም ደራ። በወር አንዴ ይቆም የነበረው በየሳምንቱ ቆመ።

የአገሩ ንጉሥ ከሰገነቱ ሆኖ የአህያውን ሰልፍ ያይ ነበር። በልቡም፦ «ጨው ሲገባ አገሬ ትወፍራለች። ሌላ ነገር ሲገባ ግን ጨው ይከፈልበታልና ትከሳለች» አለ። ከዚያም ነጋሪት አስጎሰመና አዋጅ አስነገረ፦ «የሚወጣ ከጨው በቀር የፈለገው ይውጣ። የሚገባ ጨው ብቻ ይግባ። ጨው ሳትይዝ የተመለሰች አህያ ትወረስ። ሌላ ዕቃ ይዛ የተገኘችም ትወረስ።»

በመጀመሪያው ዓመት የንጉሡ ጎተራ ሞላ። ሁለተኛ ጎተራ ተሠራ፤ እርሱም ሞላ። በሁለተኛው ዓመት ግን በደጋው ጥጥ አለቀ። ጥጥ ደጋ አይበቅልም፤ ይህን ታውቃላችሁ። ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጨዉም ከመብዛቱ የተነሣ ረከሰና፣ ፍየል ይገዛ የነበረው አሞሌ ዶሮ መግዛት አቃተው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ሸማኔ፣ አያ ድንቁ፣ ደብሪቱ ደጃፍ መጣና ተቀመጠ።

«ደብሪቱ ልጄ፣ ያመጣሽውን ጨው አየሁት። ብዙ ነው። ግን አይፈተልም።»

«ምን ላድርግ አያ ድንቁ? አዋጅ ነው።»

«የልጄ ሚስት ወለደች። የልጅ ልጄን በስልቻ ጠቅልዬ አስቀመጥሁት። የሸማኔ ልጅ በስልቻ። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ፣ እህል የተቀመጠ ነው እላለሁ።»

ደብሪቱ ልትስቅ ነበርና የሽማግሌውን ዓይን አይታ ተወችው። እርሱም ከሄደ በኋላ ታሰላስል ጀመር። ጋቢ ከሌለ ምን ጭኜ እወርዳለሁ? ሳልጭን ብወርድ ጨው በምን እገዛለሁ? ያለ ጨው ብመለስ አህዮቼ ይወረሳሉ። ጥጥ ይዤ ብመለስም ይወረሳሉ። አህያ ከሌለኝ እኔ ማን ነኝ? ወደ ዘመዶቼ ጓዳ የምመለስ መበለት ነኝ። ወዲህም ብትል ወዲያም ብትል ያው ሆነባት።

ቢሆንም የቀራትን ማርና ቅቤ ጫነችና ወረደች። ቆላም ደርሳ ጨው ሻጮቹ አሞሌ ሲጠቀልሉ ቆማ አየች። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ገበያ ላይ አይወደድምና፣ ነጋዴ ሁሉ አሞሌውን በሣር ጠቅልሎ ነው የሚጭነው። የኬላ ሹምም፣ ማለት የመንገዱን በር የሚጠብቀው ሰው፣ ዕቃውን ይቆጥራል እንጂ የተጠቀለለበትን አይቆጥርም። ይህ ከአባት የወረደ የመንገድ ሕግ ነው። የጭነት ልብስ አይቆጠርም ይባላል።

ደብሪቱም ቆማ አየችና አየችና፣ ዐሥራ አራት አሞሌ ገዛች፤ ለአንድ አህያ ሁለት፣ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። በተረፈው ሁሉ ጥጥ ገዛች። ከዚያም እያንዳንዱን አሞሌ በጥጥ ጠቀለለች፤ ጠቀለለች፤ ጥጃ እስኪያህል ድረስ ጠቀለለች።

ኬላው ላይ ስትደርስ ሹሙ ጓንጉል ብቅ አለ። ጠንቃቃ ሰው ነው። የቆጠረውን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

«እቴ ደብሪቱ፣ ምን ጫንሽ?»

«ጨው።»

«እኔ የማየው ጥጥ ነው።»

«እሱማ ልብሱ ነው።»

ጓንጉል አንዱን ጭነት ይፈታ ጀመር። ፈታ፤ ፈታ። ጥጡ ጉልበቱ ድረስ ተቆለለ። በመጨረሻ አንዲት አሞሌ ብቅ አለች።

«ጨው በሣር አልነበረም ወይ የሚጠቀለለው?»

«ሣሩ ወጋው።»

«አንዱን አሞሌ ይህን ሁሉ?»

«ደጋ ልወስድህ ነው ስለው ተንቀጠቀጠብኝ። ምን ላድርግ አያ ጓንጉል?»

ጓንጉል ሣቁን ዋጠ። የንጉሥ እንጀራ የሚበላ ሰው ነውና ወዲያው ፈራ።

«አንቺ ሴት፣ አዋጁ ጥጥ አይግባ ይላል። የአባቶች ሕግ የጭነት ልብስ አይቆጠርም ይላል። ባሳልፍሽ ንጉሥ ይጣላኛል፤ ብመልስሽ የአባቶቼ አጥንት። ምን በደልሁሽ?» አላት።

ከዚያም ሰባቱን አህዮች ከነጭነታቸው አስነዳና እርሷን ይዞ ወደ ንጉሡ ሄደ።

ንጉሡ ችሎት ላይ ነበር። ነገሩን ሰማ። ከአጠገቡ የተቀመጠ አንድ መኰንን ቀደመና፦ «ሴትዮ፣ በንጉሥ ሞት ተናገሪ። ዕቃው የትኛው ነው? ልብሱስ የትኛው?» አላት።

ደብሪቱ ወደ ደጁ ዞር ብላ አህዮቿን አየች። ጨዉ ነው ብትል ምናልባት ትድናለች። ነገር ግን በንጉሥ ሞት ተብላ ልትዋሽ አልቻለችም።

«በንጉሥ ሞት፣ ዕቃው ጥጡ ነው። ጨዉ ምክንያት ነው» አለች።

መኰንኑም፦ «አህዮቹ ይወረሱ» አለ።

ንጉሡ ግን እጁን አነሣና፦ «ጨው ሲጠፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም ጃንሆይ።»

«እኔ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ንጉሥ መንገዱን ዘጋብን። ከብቶቹ ግድግዳ ይልሱ ነበር። እናቴ ልቅሶ ሲመጣባት፣ እንባዋን በጣቷ እያነሣች ለእህቴ ታቀምሳት ነበር፤ ጨው አለው እያለች።»

ደብሪቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «እንግዲያ ጃንሆይ ፈርተው ነው» አለች።

መኰንኑ፦ «ንጉሥ አይፈራም» ብሎ ተቆጣ።

ንጉሡም፦ «አንተ ዝም በል። ፈርቼ ነው» አለ።

«ሁለት ጎተራ ሞላ። ፍርሃቱ ተወዎት?»

«አልተወኝም። አሁን ደግሞ የሚገባው ቀነሰ።»

«ይቀንሳል ጃንሆይ። በጎተራዎ ያለው ጨው በጋቢ የመጣ ነው፤ ጋቢው በጥጥ። ጥጡን ኬላ ላይ ሲመልሱት ጨዉም አብሮ ተመለሰ። እኔ ሌላ አላውቅም። አህያ ነጂ ነኝ።»

ንጉሡ አዋጁን ልሽረው ቢል፣ ንጉሥ ቃሉን አጠፈ ይባላል፤ የታጠፈ ቃል ደግሞ የተሸረፈ አሞሌ ነው። ከዚያም ጓንጉልን ጠራው።

«የአባቶቻችን ሕግ ስለ ጭነት ልብስ ምን ይላል?»

«አይቆጠርም ይላል ጃንሆይ።»

«ውፍረቱ ይለካል?»

ጓንጉል አሰበ። ደግሞም አሰበ። «ስለ ውፍረቱ የተባለ ነገር የለም» አለ።

ንጉሡም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና፦ «ነጋሪት ይጎሰም። የቀደመው አዋጄ እንደ ጸና ነው፤ ጨው ብቻ ይግባ። ነገር ግን ደጋው ብርድ ነውና፣ ከእንግዲህ ጨው ራቁቱን በኬላ እንዳይገባ» አለ።

ደብሪቱም መሬት ስማ ወጣች። አህዮቿን አንድ፣ ሁለት ብላ ሰባት ቆጠረችና እየነዳች ወደ ሰፈሯ ወረደች። የመጀመሪያውን ጭነት አያ ድንቁ ደጃፍ አራገፈች። ሽማግሌው ጥጡን አቅፎ ቆመና፦ «ጨዉስ?» አላት። እርሷም፦ «እሱን ወጥ ውስጥ ጨምሩት፤ ልብሱን ግን ለልጁ» አለችው።

በዚያም አገር ጨው በየዓመቱ እየወፈረ ገባ። አንዱ ነጋዴ አንዲት አሞሌ በስምንት በቅሎ ጭኖ መጣ አሉ። ጓንጉልም ሁለት ጊዜ ቆጠረና፣ «አንድ አሞሌ» ብሎ አሳለፈው።

እኔም ጭነቴን አራገፍሁ። እናንተ ደግሞ አህያዬን ባዶዋን አትመልሱብኝ። ዳቦ ቢኖር ዳቦ፣ ባይኖር ቆሎ፤ አፌን አብሱና ተረቱን መልሱልኝ።