ዝናቡ እስኪያባራ

የኢንሹራንሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሀብተየስ ወኪላቸውን አስከትለው ደንበኛ ፍለጋ አንድ የእድር ስብሰባ ላይ ተገኙ። እድርተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን የሰው ትንፋሽ ይከብደኛል ብለው ደጅ ቆመው ያንባርቃሉ።

ድንኳኑን የምትጠብቅ አንዲት ምላሰኛ ሴት ከመግቢያው ላይ ጠየቀቻቸው።

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ ሥራ ቀይሮ አዲሱ መሥሪያ ቤት እኛን ማሳከም የሚጀምረው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ልጆቼን የማሳክምበት፣ የክረምት ብቻ ኢንሹራንስ ይሸጡልኛል?»

ወኪሉ «ይቻላል» ሊል አፉን ሲከፍት አለቃው ገላመጡት።

«የአጭር ጊዜ ሽፋን ማለት ድንኳን ነው!» አሉ። «እኛ የምንሸጠው ቤት ነው። ዘላቂውን ግዢ፣ አለዚያ ተይው። ራሱን የሚያከብር ሰው ድንኳን ውስጥ አይጠለልም!»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ዶፍ ዝናብ ወረደባቸው። ኮታቸውን አናታቸው ላይ ጥለው ወደ ድንኳኑ ሲሮጡ ሴትዮዋ መግቢያው ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይሄኮ ድንኳን ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልኖርበት መሰለሽ እንዴ? ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ ነው!»

ሴትዮዋ መጋረጃውን በትሕትና ገለጥ አደረገችላቸው።

«ታዲያ እኔስ ከዚህ ሌላ ምን ጠየቅኩዎት?»