ኮምፒዩተር ነኝ ያሉት ቲቸር

አንድ ቀን ቲቸር አስናቀ ክፍል ገቡና «ዛሬ ኮምፒዩተሩ እኔ ነኝ» ብለው ሰሌዳው ፊት ተገተሩ።

ቲቸር አስናቀ ቡታጅራ ውስጥ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ዕውቀት አላቸው፣ መካድ አይቻልም። ችግሩ ዕውቀቱን ቆንጥረው፣ ፌዙን በቁና መስጠታቸው ነው።

ከተማሪዎቻቸው መሀል ሙዘይን የሚባል ጸጉር አስተካካይ አለ። የሱ ችግር ደግሞ ሳይማር ማውራቱ ነው። ወደሚወዳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ላከ። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ተባሉ። ሽማግሌዎቹ እሱ እንዳስጠናቸው «ፕሮግራመር ነው» አሉ። አባትየው ቀላል ሰው አይደሉም፤ ልጁ ገና ተማሪ መሆኑን ሰምተው ኖሮ «እንግዲያው ሲመረቅ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ» ብለው ሸኟቸው። እና ሙዘይን ከዚህ ክፍል ከወጣ ልጅቷም ከእጁ ወጣች ማለት ነው።

ትምህርት የተጀመረ ዕለት ቲቸር «ምን ምን ቋንቋ ታውቃለህ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ሙዘይን ደረቱን ነፍቶ «ስልጢኛ፣ መስቃንኛ፣ ማረቆኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፤ አረብኛም ትንሽ ትንሽ» አለ። ምን ያድርግ፣ ስንቱን ደንበኛ በየቋንቋው እያሳቀ የላጨ ሰው ነው።

«እኔ የጠየቅሁህ የኮምፒዩተሩን ቋንቋ፣ ፓይተንና ጃቫን ነው» አሉ ቲቸር። «ይሄ የደረደርከው ሁሉ ለገበያ ነው። ኮምፒዩተር ፊት አንተ ዲዳ ነህ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሙዘይንም አብሮ ሳቀ፤ ውስጡ ግን አረረ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን እንመለስ። ቲቸር ሕጉን ተናገሩ። «ኮምፒዩተር የታዘዘውን ይሠራል፤ ያልታዘዘውን ንክች አያደርግም። በሉ፣ ሰሌዳውን አስጠፉኝ። ተሳስቶ ኤረር ያልኩት ሰው ደብተሩን ሰብስቦ ታች ታይፒንግ ክፍል ይወርዳል።»

መጀመሪያ የተነሳችው ጥሩወርቅ ናት፤ ጨዋ ልጅ። «ቲቸር፣ እባክዎ ሰሌዳውን ያጥፉልን» አለች።

«እባክዎ የሚባል ትእዛዝ የለም። ኮምፒዩተር አንቱታ አያውቅም፤ አንተ ተብሎ ነው የሚታዘዘው። ኤረር፣ ውረጂ።»

ጥሩወርቅ ወረደች። ቀጥሎ ቡሽራ ተነሳ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ዳስተሩን አንሳ» አለ። ቲቸር ዳስተሩን አነሱና ከራሳቸው በላይ ይዘው ቀሩ። ቡሽራን ላብ አጠመቀው። «ከዚያ... ከዚያ ጥረግ።» ቲቸር በዳስተሩ የገዛ ግንባራቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ዱቄት የተደፋበት መሰለ።

«ምኑን እንደምጠርግ መች ነገርከኝ? ኤረር» ብለው ቦርጫቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቡሽራም ወረደ።

«ዲዳው፣ ያንተ ተራ ነው» አሉ።

ሙዘይን ተነሳ። ሰሌዳውን ከናካቴው ረስቶታል። የሚያስበው ስለዚያች ኤረር ስለምትባል ቃል ነው። ከየት ነው የምትወጣው? ከቲቸር አፍ። እንግዲህ አፉ ከተዘጋ እሷም አትወጣም። ግን እንዴት ይባላል? ሙዘይን ስድስት ቋንቋ ያውቃል፤ በአንዱም ቢሆን ትልቅ ሰውን ዝም በል ብሎ አያውቅም። ልጅቷ ትዝ አለችውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ተናገር እስክልህ ድረስ ዝም በል።»

ቲቸር አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕጋቸው ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት። ፊታቸው ከጠመኔው ሥር ቲማቲም መሰለ። ሙዘይን ድምፁን ለስለስ አድርጎ «አሁን ዳስተሩን ሰሌዳው ላይ አስጠጋ» ሲል ግን አልቻሉም።

«አንተ ባለጌ፣ እኔን ነው ዝም በል የምትለው? አባትህ የምሆነውን ሰውዬ?»

ሙዘይን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«ኧረ ቲቸር፣ እርስዎን እንዴት እላለሁ? ምላሴ ይቆረጥ። እኔ ያዘዝኩት ኮምፒዩተሩን ነው። ዝም በል እየተባለ ከለፈለፈ ግን ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም። አጥፍተን እናብራው?»

በማግስቱ ቲቸር አስናቀ ሰው ሆነው መጡ፤ የወረዱት ተመለሱ፣ ሙዘይንም ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱን ይዞ አማቾቹ ቤት ሄደ።