ባሕር ያልተሻገረ ምክር

ፊታውራሪ ይመኑ የሚባሉ የወረዳ ገዥ ነበሩ። የባሕር ማዶ ነገር ሁሉ ወርቅ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ትልቅ ችሎት፣ «ወራጅ ውሃን ከመንገዱ ማጠፍ መልካም አይመስለንም፤ ይህ ምክር ነው እንጂ ማንንም አያስገድድም» የሚል ወረቀት ደረሳቸው። እሳቸው ግን «ምክሩ ሕግ ሆኗል!» ብለው ነጋሪት አስጎሰሙ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከወንዙ ቦይ ስባ ሽንኩርቷን የምታጠጣ አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ተይዛ ቀረበች። መሬቷ ሊወረስ ነው። እንደ ወጉ፣ ፊታውራሪ ከመፍረዳቸው በፊት በችሎቱ የተቀመጡት ጎረቤቶቿ ከታናሽ እስከ ታላቅ እየተነሱ ሐሳባቸውን ሰጡ። ሁሉም፣ «ቦዩ ከአያቶቿ ጀምሮ ያለ ነው፤ ማንንም አልጎዳም፤ ትለቀቅ» አሉ።

ፊታውራሪ ደማቸው ፈላ። «የእናንተ ምክር እኔን አያስገድደኝም!»

ባልቴቲቱ ሳቋ መጣባት፤ ግን ዋጠችው። ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ፍርዱን ትንሽ ያቆዩልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ጎረቤቶቼ ባሕሩን እስኪሻገሩ ነዋ! ስንቃቸውን እኔው እቋጥራለሁ። ይህንኑ ምክራቸውን ከዚያ ሆነው ሲልኩልዎ ሕግ ይሆናል።»