የማይቃጠለው ፊውዝ

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ስንሻው ይባላል። የመኪናው ሬድዮ ፊውዝ እየበላ አስቸገረው። ይቀይራል፤ ሁለት ቀን ዘምሮ ድርግም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ጥፋቱ የፊውዙ እንዳልሆነና ዳሽቦርዱ ተፈትቶ ሽቦው መታየት እንዳለበት ነገረው። ስንሻው ግን ግማሽ ቀን ሥራ መፍታት አልሆነለትም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ከረመ።

ፊውዝ ምንድን ነው? ቀጭን ሽቦ ናት። ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ እሷ ቀድማ ትቃጠልና መኪናውን ታተርፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ለንግሥ መንገደኛ ጫነ። እናቱን ከፊት አስቀመጠ። እኩል መንገድ ላይ መዝሙሩ ተቋረጠ፤ ከኋላ ያሉት ቅር አላቸው። ስንሻው ጥግ ይዞ ቆመና የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠቅልሎ መልሶ ሰካው። ወረቀቱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ እንደ ፊውዟ ግን ቀድሞ አይቃጠልም። ሬድዮው ዘመረ። እልልታው ቀለጠ። እጅህ ይባረክ ተባለ፤ እሱም ደስ አለው።

ጥቂት እንደሄዱ እናቱ፣ "ልጄ፣ እግሬን ምን ያሞቀኛል?" አሉት።

"የሞተር ሙቀት ነው እማዬ" አለና ድምፁን ከፍ አደረገው።

ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ድምፁን ከፍ አደረገው።

ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ቡልቅ አለ። ሰው በበርም በመስኮትም ወረደ። ስንሻው እናቱን አቅፎ ሲያወርዳቸው የነጠላቸው ጫፍ ተቃጥሎ፣ እግራቸው ቆስሎ አየ። ሮጦ ባትሪውን ነቀለ። ባትሪው እስኪነቀል ድረስ መዝሙሩ አልተቋረጠም ነበር።

በማግስቱ ዳሽቦርዱ ተፈታ። የሬድዮው ሽቦ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ብረት እየፈተገው የላስቲክ ልብሱ ተገፎ ኖሯል። ሠራተኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ "ፊውዙ ስንቴ ነገረህ?"

እናንተንስ የውስጣችሁ ፊውዝ ስንቴ ነገራችሁ? ድሮ ስትዋሹ ፊታችሁ ይቀላ ነበር። ሰው አስቀይማችሁ ስታድሩ እንቅልፍ እምቢ ይላችሁ ነበር። አሁን አይቆረቁራችሁም። "ሁሉም የሚያደርገው ነው" በምትል ብልጭልጭ ወረቀት ጠቀለላችሁት። ሰላም መሰላችሁ። መዝሙሩ እንደሆነ ይዘመራል፤ እኔም ይኸው እየሰበክሁ ነው።

እኔ እፈራለሁ። ቤታችን ውስጥ፣ አጠገባችን ተቀምጦ፣ እግሬን አቃጠለኝ የሚል ሰው አለ። ሚስት ትሆናለች፣ ልጅ ይሆናል፣ እናት ትሆናለች። ዛሬ ስትገቡ ድምፁን ቀንሱና አድምጧቸው።