አፈር ያልነካው ንጉሥ

አንድ ጊዜ አንበሳ ከእንቅልፉ ተነሣና ሰባት አገር የሚያናውጥ ግሳት አገሳ። ከዚያም፦ «እናንተን እግዜር ከአፈር ለወሳችሁ፤ እኔን ግን ከመብረቅ ነው የሠራኝ! ከእንግዲህ በፊቴ አፈር ብሎ የተናገረ ይበላል!» አለ። አዋጁን እንዲያስነግር የታዘዘው ጅብ ነበር። ቃሉን ለመጥራት ፈርቶ፣ «ያ... ያ የምንረግጠው ነገር እንዳይነሣ!» እያለ ሲለፍፍ ዋለ።

በማግስቱ እመት አህያ አቤት ልትል መጣች። ጅብ የጭራዋን እኩሌታ በልቶባታል። የምትናገረውን ሦስት ቀን ስታጠና ብትሰነብትም፣ ንጉሡ ፊት ስትቆም ምላሷ የለመደውን አመጣ።

«ጃንሆይ፣ አፈር ስሆን ይፍረዱልኝ!»

በጫካው ሊረግፍ የነበረ ቅጠል እንኳ መርገፉን ተወ።

«ብላለች!» ብሎ ጮኸ ጅብ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ። «አፈር ብላለች! ኧረ በጆሮዬ፣ አፈር!»

«አያ ጅቦ፣ እሷ አንዴ ብትል አንተ ሁለቴ አልክ» አለች ቀበሮ ከድንጋይ ላይ ሆና።

«እኔማ... እኔ ለሕጉ ብዬ ነው!»

«ታዲያ በምን ልለምን ጌታዬ?» አለች አህያ። «መብረቅ ስሆን ይባላል እንዴ?»

«በተራ ትበላላችሁ፤ መጀመሪያ አንቺ!» ብሎ አንበሳ ዘለለ።

አህያ እግሬ አውጪኝ ብላ ቁልቁል ወደ ረግረጉ ፈረጠጠች። አንበሳ ተከተላት፤ ጅብም ፍርፋሪ እንዳያመልጠው አንበሳን ተከተለ። ጭቃው ሦስቱንም እስከ ሆዳቸው ዋጠና የቀረውን ለቀለቀው። ጋማ የለ፣ ዝንጉርጉር የለ፤ ሦስት የጭቃ ቁልል ብቻ! ጅብ አላስቻለውም፤ የቀረበለትን ጀርባ ግምጥ አደረገ።

የጮኸው አንበሳ ነበር። «ልቀቀኝ፣ ንጉሥህ ነኝ!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለ ጅብ አፉን እንደሞላ።

«እስቲ ከመብረቅ የተሠራው እጁን ያውጣ!» አለች ቀበሮ ከዳር።

አህያ ጭነት ተሸክማ ጭቃ ስታቋርጥ ነው የኖረችው፤ እየተንፏቀቀች ወጣች። ዘወር ስትል ጭቃው የአንበሳን አገጭ ደርሷል።

«እመት አህያ! አፈር ስሆን አውጪኝ!»

ልቧ ራራ፤ የለመደ ምላሷም ቀደማት። «ኧረ አፈር አይንካዎት፣ ጌታዬ!» አለችና ገመድ ፍለጋ ሄደች። እስካሁን እየፈለገች ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ እግዜር ሁላችንንም ከአንድ አፈር ማበጀቱን እኛ ብንረሳ እንኳ አፈሩ እንደማይረሳን ነው።